በውሃው ላይ የተዘረጋው ካባ፦ ለሳንት ማሪ ደ ላ ሜር ምክር ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለሳንት ማሪ ደ ላ ሜር ከተማ ከንቲባና ለምክር ቤቱ አባላት፤
እንዲሁም ይህን ለምታነቡ የሀገሬ ልጆች።

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ በፈረንሳይኛ አስተርጉሜ ለማዘጋጃ ቤታችሁ በእጄ አስረክባለሁ። መጀመሪያ ግን በአማርኛ ጻፍኩት፤ የልቤን መናገር የምችለው አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ስለሆነ ነው። ደግሞም ሀሳቡን ከእናንተ በፊት የሀገሬ ሰዎች አይተው እንዲያርሙኝ ፈለግሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በከተማችሁ አርማ ላይ፣ ጀልባዋ በምትንሳፈፍበት ውሃ ላይ፣ አንድ የተዘረጋ ካባ ጨምሩ። ካባው በጀልባዋ ላይ ያልተሣለችው የሦስተኛዋ ሴት፣ የሳራ፣ ምልክት ነው።

አርማውን ለማያውቁ አንባቢዎቼ ልንገራቸው። የጋሻ ቅርጽ አለው፤ በላዩ ባሕር፣ በባሕሩ ላይ ጀልባ፣ በጀልባዋ ላይ ሁለት ሴቶች ተሥለዋል። ሌሎች የፈረንሳይ ከተሞች አንበሳ፣ ግንብ ወይም ሰይፍ በጋሻቸው ላይ ሲያኖሩ ይህች በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካማርግ በሚባለው ረግረጋማ የባሕር ዳርቻ ያለች፣ ከሦስት ሺህ የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት ከተማ ሁለት ሴቶችን አኖረች። ሴቶቹ የያዕቆብ እናት ማርያምና ሰሎሜ ናቸው፤ እዚያ ማሪ ዣኮቤና ማሪ ሰሎሜ ይሏቸዋል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ከመግደላዊት ማርያም ጋር ሽቱ ገዝተው በማለዳ ወደ መቃብሩ የሄዱት ናቸው። የአካባቢው የፕሮቫንስ ክፍለ ሀገር ሕዝብ ታሪኩን ከዚያ ይቀጥላል። አሳዳጆች ሴቶቹን ሸራም መቅዘፊያም በሌላት ጀልባ ጭነው ወደ ባሕር ለቀቋቸው፤ እንዲሞቱ ነበር። ማዕበሉ ግን ገፍቶ ገፍቶ የሮን ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ዳርቻ አደረሳቸው ይላል።

የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን እንደተረጋገጠ ነገር አይቀበሉትም፤ እኔም ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። አንድ ሕዝብ በአርማው ላይ የሚያስቀምጠው ግን በሰነድ የተረጋገጠውን ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ እንዳይረሱት የሚፈልገውን ጭምር ነው። መቅዘፊያ የሌላት ጀልባ ተሣፋሪዎቿ ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቁ፣ ተቀባይ ካላገኙ የሚጠፉ ሰዎች ናቸው። ይህን በጋሻዋ ላይ ያኖረች ከተማ ስለ ራሷ ትልቅ ነገር ተናግራለች። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ከአርማችሁ የሚነቀል አንዳች ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

ጀልባዋ ከዛሬው የከተማዋ ስም ትቀድማለች። ቦታው ቀድሞ ኖትር ዳም ደ ራቲስ ይባል ነበር፤ ራቲስ በላቲን በእንጨት የተሠራ ታንኳ ነው። ኋላ የባሕር እመቤታችን ተባለ፤ የአሁኑን ስሙን፣ የባሕሩ ቅዱሳት ማርያሞች የሚለውን፣ ያገኘው በ1838 ነው። ስሙ ሲቀያየር ጀልባዋ ግን እንዳለች ኖረች። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ በ1888 በአቅራቢያው ካለችው ከአርል ከተማ መጥቶ ጥቂት ቀን ሲሰነብት የሣለው እነዚያኑ የዓሣ ጀልባዎች ነው፤ በአሸዋው ላይ ከሣላቸው በአንደኛዋ ጎን «አሚቲዬ» የሚል ይነበባል፤ ወዳጅነት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልግባ፤ ነገሬ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከአርል ተነስቶ ረግረጉንና የጨው ሜዳውን አቋርጦ ለሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚታየው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከሩቅ ምሽግ ይመስላል፤ ከባሕር ለሚመጣ ወራሪ ተብሎ እንደ ምሽግ የታነጸ ነውና። በ1448 የፕሮቫንስ ገዢ የነበረው ንጉሥ ሬኔ ከወለሉ ሥር አስቆፈረ፤ የሁለቱ ማርያሞች ነው የተባለ አጽም ተገኘ፤ በሣጥን ሆኖ ከመሠዊያው በላይ ከፍ ብሎ ወዳለው ጸሎት ቤት ወጣ። ዛሬም በበዓሉ ቀን ሣጥኖቹ በገመድ ተንጠልጥለው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ ሻማውን ወደ ላይ ዘርግቶ «የተቀደሱት ማርያሞች ለዘላለም ይኑሩ!» እያለ ይጮኻል። ታቦት ሲወጣ እልል እያለች ያደገች ሴት ይህን አይታ ዕንባዋን መያዝ አትችልም። እኔ አልቻልኩም።

ሁለቱ ከላይ ናቸው። ሦስተኛዋ ከታች ናት። ከመሠዊያው ሥር በደረጃ ሲወረድ ጣሪያው ዝቅ ያለ ምድር ቤት አለ፤ ግድግዳው በሻማ ጢስ ጠቁሯል፤ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። እዚያ ጥቁር ፊት ያላት የሳራ ምስል ቆማለች። ሮማዎቹ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ጂፕሲ የምንላቸው ሕዝቦች፣ «ሳራ ካሊ» ይሏታል፤ በቋንቋቸው ጥቁሯ ሳራ ማለት ነው። ስእለት ያለበት ሁሉ ካባ ያለብሳታል። ካባ በካባ ላይ እየተደረበ ከመብዛቱ የተነሳ ከፊቷ በቀር ሰውነቷ አይታይም። እናቶች የታመመ ልጃቸውን ልብስ ያስነኳታል፤ ጉንጯን ዳስሰው እጃቸውን ይስማሉ።

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አርማውን ያየሁት ጠዋት በአንድ ማስታወቂያ ላይ ነበር። ከሰዓት ምድር ቤቱ ገባሁ። ከዚያ ወጥቼ አርማውን እንደገና ሳየው አንድ የቆየ ፎቶ ትዝ አለኝ።

ወደ ፈረንሳይ ከመምጣቴ በፊት ቤይሩት ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ በቤቱ ሠርግ ነበረና ፎቶ አንሺ መጣ። ሕፃኑን አጥቤ፣ አልብሼ፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ታቅፌው ቆየሁ። ሁሉም ከተደረደሩ በኋላ ማዳም ወደ ጎን እንድል በእጇ አሳየችኝ። ሕፃኑ ከእኔ ሲለይ አለቀሰ፤ ምን ይደረግ፣ ከዳር ቆሜ በአንድ እጄ ጀርባውን ደገፍኩለት፤ ዝም አለ። ፎቶው ታጥቦ ሳሎን ተሰቀለ። በጠርዙ ላይ የእኔ ክንድ እስከ ክርኑ ይታያል። ከዚያች ቤት እስክወጣ ድረስ የመስተዋቱን አቧራ ስወለውል ያን ክንድ አየው ነበር።

ማዳምን ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። ፎቶ ማለት ለእሷ እንደዚያ ነበር። አርማችሁን የሠሩትም ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም። ሥዕል ሲሠራ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት የሚወሰን ነገር ነው። ልብ ያለ ሰው ግን ቆይቶ ያየዋል።

በእኛ ሀገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ስደቱን ሲሥሉ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በወርኃ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን፤ ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ይቆማል። በሥዕሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ይዛ፣ ዮሴፍ አብሯት፣ ሰሎሜም ታጅባቸው ትታያለች። እሷን የተወ የስደት ሥዕል ለዓይናችን ጎደሎ ነው። ይህቺ ሰሎሜ በጀልባችሁ ላይ ካለችው ከዘብዴዎስ ልጆች እናት ጋር አንድ ናት አልልም፤ ስማቸው እንጂ ታሪካቸው የየራሱ ነው። ለመናገር የፈለግሁት የእኛ ሠዓሊ ለምታግዘዋ ሴት ከቤተሰቡ እኩል ቦታ መስጠቱን ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ ጣቷን እየቀሰረች «ይቺ ደግሞ ሰሎሜ ናት፤ አልተለየቻቸውም» ትለኝ ነበር።

ሳራ ማን ናት? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በቅዱሳን መዝገቧ አላስገባቻትም። በ1521 በተጻፈ የማርያሞቹ ታሪክ ውስጥ ስሟ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ለትንሿ የክርስቲያኖች ማኅበር ምጽዋት ለመለመን በካማርግ የምትዞር ሴት ናት። አንዳንዱ ከማርያሞቹ ጋር የመጣች ግብፃዊት አገልጋይ ናት ይላል። ሮማዎቹ ዘንድ የሚነገረው ሌላ ነው፤ ሳራ የዚያው ዳርቻ ሰው፣ የራሷን ሕዝብ የምትመራ ሴት ነበረች፤ ቅዱሳቱ እንደሚመጡ በራእይ አይታ ልትቀበላቸው ወጣች ይላሉ። ከኛ ወገን ቆዳዋን አይቶ ኢትዮጵያዊት ናት የሚል ቢኖር እባካችሁ ይተወው። ያን የሚያጸና አስተማማኝ ምንጭ አላውቅም፤ የሌላውን እናት ቀምተን የራሳችን ማድረግ አይገባንም።

በነገሬ መካከል ያለው እንግዲህ ይህ ነው። ሁለቱ ትውፊቶች በማንነቷ ባይስማሙም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። በአንደኛው ሳራ በፍልስጥኤም ባሕር ዳር ቀርታ ስታለቅስ ሰሎሜ ካባዋን አውልቃ ውሃው ላይ ጣለችላት፤ ሳራ በካባው ላይ ተሻግራ ጀልባዋ ደረሰች። በሌላው ማዕበሉ ጀልባዋን ሊያሰምጥ ሲል ሰሎሜ ካባዋን ጣለች፤ ሳራ ከየብስ ተነስታ በካባው ላይ ተንሳፍፋ ደረሰችላቸው፤ እየጸለየችም ወደ የብስ አወጣቻቸው። አንዱ ተረፈች ይላል፣ ሌላው አተረፈች ይላል። ካባው ግን በሁለቱም ውስጥ አለ። አንዲቱ ያወለቀችው፣ ሌላይቱ የተሻገረችበት ካባ።

ሳራን በመልኳ ሣሏት ብዬ ያልጠየቅሁትም ለዚህ ነው። ጀልባዋ ውስጥ ከሣላችኋት አገልጋይ ናት የሚለውን መረጣችሁ። የብስ ላይ ካቆማችኋት እንግዳ ተቀባይ ናት የሚለውን መረጣችሁ። ካባው ሁለቱንም ይይዛል። ምድር ቤት ወርዶ ለሚያውቅም ሰው ካባ ማለት ሳራ ናት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ያረጀ አርማ አይነካም የሚል ይኖራል። የከተማችሁን ሌላ ምልክት ላስታውሰው፤ የካማርግ መስቀልን። በየበሩ፣ በየአንገቱ የሚታየው ያ መስቀል ጥንታዊ ይመስላል እንጂ በ1924 በማርኪ ፎልኮ ደ ባሮንቼሊ ጠያቂነት ሠዓሊው ኤርማን ፖል የነደፈው ነው። የመስቀሉ ጫፎች ጋርዲያን የሚባሉት ፈረሰኛ እረኞች ጥቁሮቹን ኮርማዎች የሚነዱበት ባለ ሦስት ጥርስ ጦር ናቸው፤ ከሥሩ የዓሣ አጥማጆች መልሕቅ፣ በመሐል ልብ አለ። እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር ማለት ነው። መቶ ዓመት ብቻ በሆነው ጊዜ ሕዝቡ የእኔ ብሎ ተቀብሎታል። እረኛውና ዓሣ አጥማጁ ምልክታቸውን አገኙ።

ያው ባሮንቼሊ የሮማዎች ወዳጅ ነበር። በ1935 ሳራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድር ቤቷ ወጥታ በሰልፍ ወደ ባሕሩ እንድትወርድ ያስደረገው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት 24 በሮማዎች ትከሻ፣ በጋርዲያኖቹ ነጫጭ ፈረሶች ታጅባ ትወጣለች፤ ተሸካሚዎቿ ወገባቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። በማግስቱ የማርያሞቹ ጀልባ ይከተላል። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ግንቦት 16 ነው፤ ወርኃዊው ኪዳነ ምሕረት። ይህን ሳሰላ ለብቻዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ሳራ ከምድር ቤቱ ከወጣች ዘጠና ዓመት ሆነ፤ አርማው ላይ ግን ገና አልወጣችም።

ስለ ካማርግ ምልክቶች ሳነሳ የማልዘለው ሌላ ነገር አለ። ከከተማችሁ ብዙ ሳይርቅ፣ በአርል ግዛት ውስጥ፣ ሳሊዬ የሚባል ቦታ አለ። ከ1942 እስከ 1944 ከናዚ ጀርመን ጋር ተባባሪ የነበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ወደ 700 የሚጠጉ ሮማዎችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ጭምር፣ እዚያ አጉሮ ነበር። የካምፑ ቤቶች የተሠሩት በካማርግ እረኞች ጎጆ አምሳል ነው፤ ጣሪያቸው በሸምበቆ የተከደነ፣ ግድግዳቸው ነጭ። ለሚያየው ሰው መንደር እንዲመስል ታስቦ ነው። የገዛ ሀገራችሁ ቤት መልክ እስር ቤት ለመሸፈን ዋለ። ይህን ያነበብኩ ለት ሌሊቱን አልተኛሁም። ዛሬ በቦታው መታሰቢያ ቆሟል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የካማርግ ምልክት አንድ ጊዜ በእነዚያ ሰዎች ላይ ከዋለ፣ ሌላ የካማርግ ምልክት ለእነሱ ቢውል ተገቢ ነው እላለሁ። ካባውን የምጠይቀው ለዚህም ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከ1884ቱ የማዘጋጃ ቤት ሕግ ወዲህ በፈረንሳይ አንድ ኮሚዩን፣ ማለትም በማዘጋጃ ቤት የሚተዳደር ከተማ ወይም መንደር፣ አርማውን የሚወስነው በምክር ቤቱ ድምፅ ነው፤ ከላይ የሚጠበቅ ንጉሥ የለም። በአርማ ጥበብ ደግሞ ዋናው ሥዕሉ ሳይሆን ብላዞን የሚባለው የቃል መግለጫ ነው፤ ቃሉ እስከተጠበቀ ድረስ እያንዳንዱ ሠዓሊ በእጁ አጣጣል ሊሥለው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄዬ በመግለጫው ላይ «በማዕበሉ ላይ የተዘረጋ ካባ» የሚል አንድ ሐረግ መጨመር ብቻ ነው። ስለ ቀለሙ የጥበቡ ሕግ ይምራችሁ፤ ወርቅና ብር በአንድ ወገን፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ በሌላ ወገን ሆነው አንዱ ወገን በራሱ ወገን ላይ አይደረብም፤ ከሩቅ እንዲለይ ነው። ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ከተሣለ ካባው የወርቅ ይሁን። የቆየው ወረቀትና ማኅተም እስኪያልቅ በነበረው ይቀጥል፤ አዲስ ሲታተም ካባው ይግባ። ለዚህ ሲባል የከተማ ገንዘብ ይባክን አልልም።

ከሁሉ በፊት ግን የማሳስበው አለ። ሮማዎቹ ይጠየቁ። እኔ በዓመት አንዴ የምመጣ እንግዳ ነኝ፤ እነሱ ግን ልጆቻቸውን እዚያ የሚያስጠምቁ፣ ሳራን በትከሻቸው የሚሸከሙ ናቸው። ካባው አይበቃም፣ በመልኳ ትሣል ካሉ ሀሳቤን ትቼ ከእነሱ ጋር እቆማለሁ። ስሟ በሥዕል ላይ እንዲሆን አንፈልግም፣ እኛ ዘንድ ያለችው ይበቃል ካሉም ይከበርላቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ እነሱ ሳይጠየቁ የተወሰነው ብዙ ነው። በ1912 በወጣ ሕግ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ የሆነ ቋሚ መኖሪያ ሳይዝ የሚዘዋወር እያንዳንዱ ሰው የሰውነት ልኩና የጣት አሻራው የሰፈረበት ደብተር ይዞ በየደረሰበት ማኅተም እንዲያስመታ ተገዶ ነበር፤ ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም።

አርማው አይነካም ብላችሁ ብትወስኑ ደግሞ ቢያንስ ለጎብኚ በምትጽፉት ማብራሪያ ላይ ሦስተኛዋን ሴት አስገቡልን። «ሁለቱ ቅዱሳት በጀልባ ደረሱ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር በኋላ ሳራም በካባው ላይ እንደተሻገረች አንድ መስመር ይጻፍ። ያ ለእኔ የጥያቄዬ ግማሽ ነው፤ ሙሉው ግን አሁንም ካባው በጋሻው ላይ ሲሆን ነው።

በመጪው ግንቦት 24 እመጣለሁ። ቤይሩት አብራኝ የሠራች እህት ከደሴ የጥጥ ነጠላ ልካልኛለች፤ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ሰልፉ ሳይወጣ በፊት ጠዋት በምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ከሚሰለፉት ሴቶች ጋር ቆሜ ለሳራ አለብሳታለሁ። ከምክር ቤቱ ሊያነጋግረኝ የሚፈልግ ካለ እዚያ ያገኘኛል፤ ነጠላዋን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ማርሴይ የምትኖር ኢትዮጵያዊት